ሶንግክራን ላይ ቦርሳ አዝላችሁ ታይላንድ ለምትሄዱ

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀድም፤ እስከ መጨረሻው የማያነብ ሰውም ይጠቀም። ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ታይላንድ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ከዚያ በፊት አንድ ከተማ ምረጡና እዚያው ተቀመጡ። በነዚያ ቀናት ከከተማ ወደ ከተማ አትጓዙ። ቦርሳ አዝላችሁ መንገድ ላይ አትገኙ። እኔና ጓደኛዬ በትክክል እሱኑ አድርገን ያየነውን አይተናል። እናንተ ዳግም ከፍላችሁ መማር የለባችሁም።

ሶንግክራን የታይላንድ ባህላዊ አዲስ ዓመት ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13፣ 14 እና 15 ይከበራል፤ በእኛ ምንጊዜም ሚያዝያ 5 ይጀምራል ማለት ነው። ዩኔስኮ በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ቪዲዮውን ያየ ሰው አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ውሃ የሚራጭ ይመስለዋል። መራጨቱ እውነት ነው። ቪዲዮው ላይ የማይታየው ግን ባንኮክ የሚሠራው ሕዝብ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚተምበት ሳምንት መሆኑ ነው። አውቶቡሱ ይሞላል፣ ባቡሩ ያልቃል፣ ባንክ ይዘጋል፣ ሰፈር ውስጥ ያለችው ምግብ ቤት ባለቤት እናቷን ልትጠይቅ ሄዳለች።

እኛ የሄድነው በ2017 ነው፤ በፈረንጅ 2025። ሁለት ሳምንት ሲቀረን ምያንማር ላይ የደረሰው ርዕደ መሬት ባንኮክን አናውጦ በግንባታ ላይ የነበረ ትልቅ ፎቅ ደርምሶ ነበር። እማዬ ዜናውን ስታይ "ቲኬቱ ይመለስ" ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። የማይመለስ ቲኬት ነበር የገዛነው፤ ሄድን።

ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ወረቀት ጉዳይ ትንሽ ልበል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ሌሎች የማይነግሩት ነገር አለና። የቢጫ ወባ ካርድ የግድ ነው። ክትባቱ ከበረራ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ባንኮክ ሱዋናፑም ኤርፖርት ስትደርሱ ቀጥታ ወደ ኢሚግሬሽን እንዳትሮጡ። ከሱ በፊት "ሄልዝ ኮንትሮል" የሚል ቦታ አለ፣ መጀመሪያ እዚያ ካርዳችሁን አሳይታችሁ ወረቀታችሁ ላይ ማህተም ታስመታላችሁ። ከእኛው አውሮፕላን የወረዱ ሰዎች ረጅሙን የኢሚግሬሽን ሰልፍ ጨርሰው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ተመለሱ ተብለዋል።

ቪዛ ስንደርስ ነው የወሰድነው፤ ያኔ በ2025 15 ቀን ይሰጥ፣ 2000 ባት ያስከፍል ነበር። የመመለሻ ቲኬት፣ የምታርፉበትን አድራሻና በቂ ገንዘብ መያዛችሁን ሊጠይቁ ይችላሉ። እኛ ከተመለስን በኋላ ደግሞ ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ኢንተርኔት ላይ የሚሞላ የመግቢያ ፎርም መጥቷል። ነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ አጭበርባሪ ወይም ደላላ ነው። የቪዛ ሕግ ስለሚቀያየር ከመግዛታችሁ በፊት የራሳቸውን የቪዛ ድረ ገጽ ተመልከቱ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የተሰጣችሁን ቀን እስከ መጨረሻው አትጠቀሙበት። ሶንግክራን ላይ የመመለሻ መጓጓዣ ማጣት ቀላል ነው፣ በላይ ለቆያችሁበት ለእያንዳንዱ ቀን ደግሞ 500 ባት ቅጣት አለ።

ዕቅዳችን ባንኮክ ትንሽ ቆይተን በሌሊት ባቡር ወደ ሰሜን፣ ወደ ቺያንግ ማይ መሄድ ነበር። ሶንግክራን እንደ ቺያንግ ማይ የሚደምቅበት የለም ተብለን። ባቡር ጣቢያ ስንሄድ የመኝታውም የወንበሩም ቦታ ካለቀ ቆይቷል። ታይላንዶች ለዚህ ሳምንት ቲኬት የሚቆርጡት ቀደም ብለው ነው። ሁለት ምርጫ ነበረን፤ ባንኮክ መቅረት ወይም በአውቶቡስ መሄድ። ባንኮክ መቅረት ነበረብን።

ባንኮክ ውስጥ ውሃው የሚበረታው የተወሰኑ ቦታዎች ላይ ነው። ካኦ ሳን የሚባለው የወጣት ተጓዦች መንገድና የሲሎም ጎዳና ዋናዎቹ ናቸው። ሌላው ከተማ ሕዝቡ ስለወጣ ጭር ይላል። የከተማው ባቡርም በአብዛኛው ከመንገዱ በላይ በድልድይ ነው የሚሄደው፤ መርጣችሁ መራስ፣ መርጣችሁ መድረቅ ትችላላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው፣ በተለይ ጊዜው አጭር ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ የለም።

እኛ ግን ሞ ቺት ከሚባለው መናኸሪያ ሚያዝያ 4 ማታ አውቶቡስ ያዝን። ቲኬቱ ላይ ዓመቱ 2568 ይላል። ተሳስተው የጻፉ መስሎኝ መስኮቱ ጋ ልመለስ ስል ጓደኛዬ ያዘችኝ። የቡድሃ ዘመን ነው፤ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል። ከእኛ ጋ ሲነጻጸር 551 ዓመት ልዩነት። እና ቲኬታችሁ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ አትደንግጡ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ አረጋግጡ። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር እንዳልሆነ እንዳትረሱ።

አስር ሰዓት ገደማ ይፈጃል የተባለው መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ኤሊ ሆነ። ናኮን ሳዋን አካባቢ መኪናው በቃ ቆመ። መስኮቱን ገለጥ አድርጌ ሳይ እስከ ዓይኔ መጨረሻ የፍሬን መብራት ነው። ቤተሰብ የጫነ ፒክአፕ፣ ጣሪያው ላይ ፍሪጅ ያሰረ መኪና፣ ዳር ይዘው የሚያንቀላፉ ሰዎች። ማንም አልተናደደም። እኔ ብቻ ነኝ ሰዓቴን የማየው። ቺያንግ ማይ የደረስነው በማግስቱ እኩለ ቀን አልፎ ነው፤ ማለትም በመጀመሪያው ቀን፣ ከተማው በሙሉ ጎዳና ላይ በወጣበት ሰዓት።

የቺያንግ ማይ አሮጌው ከተማ አራት ማዕዘን ነው፤ ዙሪያውን በውሃ በተሞላ ቦይ ተከቧል። ሶንግክራን ላይ ሕዝቡ ይህንን ቦይ ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ከመናኸሪያው ወደ ውስጥ የምትገቡት ደግሞ ሶንግቴው በሚሉት ቀይ መኪና ነው፦ ከኋላው ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት አግዳሚዎች ያሉት ፒክአፕ፣ በጎንም በኋላም ክፍት። አሁን ነገሩ ገባችሁ። በማይንቀሳቀስ ትራፊክ መሃል፣ በሁለት በኩል ባልዲ የያዘ ሕዝብ፣ እኛ መሃል ላይ እንደ ዒላማ ቁጭ ብለናል።

የመጀመሪያዋ አንዲት አሮጊት ነበሩ። በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን፣ በቀስታ፣ ትከሻዬ ላይ አፈሰሱና ፈገግ አሉ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ የመጡት ወጣቶች ግን በርሜላቸው ውስጥ ትልቅ በረዶ ከተውበታል። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን በረዶ የቀዘቀዘ ባልዲ ሙሉ ውሃ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ትንፋሼ ነው የቆመው። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። የመኪናው ወለል ላይ ውሃ ተጠራቀመ፤ ቦርሳዎቻችን እዚያ ላይ ነው የተቀመጡት። የዝናብ ሽፋን አልብሻቸው ነበር፤ የዝናብ ሽፋን የሚጠቅመው ከላይ ለሚመጣ ውሃ ነው እንጂ ከሥር ለሚጠጣ ቦርሳ አይሠራም። ማታ ስከፍተው ከሥር እስከ ግማሽ ድረስ ያለው ልብስ ሁሉ ይጨመቅ ነበር።

ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ቦርሳው ውስጥ ዘርጉና ዕቃችሁን በሙሉ እሱ ውስጥ ከታችሁ አፉን ጠምዝዛችሁ እሰሩት። ፓስፖርት፣ ቢጫ ካርድና ዶላር ደግሞ ለብቻቸው ዚፕ ባለው ፌስታል ሁለት ጊዜ ይጠቅለሉ። የእኔ ፓስፖርት የጨርቅ የወገብ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ፓስፖርቱ ደርቆ ተረፈ፣ ጠርዙ ቢያብጥም። ቢጫ ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ግን ተንጠባጥቦ ስሜ እንኳ አይነበብም፣ አዲስ አበባ ስመለስ እንደገና ማሠራት ነበረብኝ።

ስልኬ አንገቴ ላይ በሚንጠለጠለው ላስቲክ መያዣ ውስጥ ነበር። መንገድ ላይ በየቦታው ይሸጣሉ። ስትገዙ መጀመሪያ ስልክ አትክተቱበት። ሶፍት ከታችሁ ዝጉትና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ጠምቃችሁ አውጡት። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ስልካችሁን ልታምኑበት ትችላላችሁ። የእኔ አልተሞከረም። ታ ፔ በር የሚባለው የአሮጌው ከተማ መግቢያ አጠገብ ስንደርስ ሹፌሩ መንገዱ ተዘግቷል ብሎ አወረደን። ካርታውን ልከፍት ስል ስክሪኑ ብልጭ ድርግም አለና ጨለመ። የጓደኛዬም ቻርጅ ጨርሷል፤ ስንሰካው ደግሞ እርጥበት አለ ብሎ እምቢ አለ።

ጉዱ የፈላው እዚህ ጋ ነው። የገስት ሃውሱ ስም ስልኩ ውስጥ ነው። አድራሻው ስልኩ ውስጥ ነው። የከፈልንበት ደረሰኝ ስልኩ ውስጥ ነው። ጓደኛዬ "ቤተ መቅደስ አጠገብ እንደሆነ ትዝ ይለኛል" አለች። ቺያንግ ማይ አሮጌ ከተማ ውስጥ ቤተ መቅደስ አጠገብ ነው ማለት ቦሌ ላይ ካፌ አጠገብ ነው እንደማለት ነው።

አንዲት ኑድል የምትሸጥ ሴት ናት ያዳነችን። ሱቋን ዘግታ ከልጆቿ ጋር በራፉ ላይ ውሃ ትረጭ ነበር። ሁለት ጥቁር ልጆች ከነቦርሳቸው እየተንቀጠቀጡ ሲያልፉ አይታ የላስቲክ ወንበር አወጣችልን፣ ፎጣ ሰጠችን። ልጇ ስልኳን አበደረችን። ኢሜይሌን ልከፍት ስል ወደ ስልክህ የላክነውን ኮድ አስገባ ይላል። ወደየትኛው ስልክ? ደግነቱ የጓደኛዬ ኢሜይል ይህ ጣጣ አልነበረበትም፤ ደረሰኙ እሷም ጋ ተልኮ ስለነበር አገኘነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የምታርፉበትን ቦታ ስምና ስልክ ቁጥር በታይኛ ፊደል በወረቀት አስጽፉና ያዙ። ባንኮክ ያለው ሆቴል ይጽፍላችኋል፣ አንድ ደቂቃ ነው። ደረሰኛችሁን ለጉዞ ጓደኛችሁም ላኩ። ኢሜይላችሁ በስልክ ኮድ የሚከፈት ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሆኑትን መጠባበቂያ ኮዶች አትማችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡ። ስልክ ከራሰ ወዲያው አጥፉት፣ ቻርጅ ላይ አትሰኩት፣ ሲሙን አውጡና ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጡት። ሩዝ ውስጥ መቅበር ከንቱ ነው። የጓደኛዬ በዚህ መንገድ ነቃ፣ የእኔ ግን በዚያው ቀረ። ጥገና ቤቶቹ ደግሞ በዓሉ እስኪያልቅ ዝግ ናቸው። ባንኮችም እንዲሁ፤ ያኔ ኤፕሪል 13 እሁድ ስለዋለ ኤፕሪል 16ም ምትክ በዓል ሆኖ ነበር። ኤቲኤም ይሠራል፣ ግን ለውጭ ካርድ በአንድ ጊዜ ከ200 ባት በላይ ይቆርጣል። ዶላራችሁን ከበዓሉ በፊት ዘርዝሩ።

አንዴ ክፍላችን ገብተን፣ ልብሳችንን አስጥተን ከወጣን በኋላ ያለው ነገር ሌላ ታሪክ ነው። ምንም ነገር ሳትይዙ ስትወጡ በዓሉ ይጣፍጣል። ጥቁር ወይም ደማቅ ቲሸርት፣ ቁምጣ፣ ከእግር የማይወልቅ ሰንደል፣ ለቀኑ የሚበቃ ባት በፌስታል፤ በቃ። ነጭ ልብስ ሲርስ ምን እንደሚሆን ለሴቶች መንገር አያስፈልገኝም። ፀጉራችሁን ደግሞ ሹሩባ ተሠርታችሁ አትሂዱ። ቀኑን ሙሉ ርሶ፣ ማታ ሳይደርቅ ተኝታችሁበት፣ በሦስተኛው ቀን ሽታው ለራሳችሁም ይከብዳል። እኔ መጨረሻ ላይ ገስት ሃውሱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ፈታሁት።

ሰዎች "ሳዋዲ ፒ ማይ" እያሉ ጉንጫችሁን ነጭ ነገር ይቀባሉ። በውሃ የተበጠበጠ የኖራ ዱቄት መሰል ነገር ነው፣ ምርቃት አለበት። አብዛኛው ሰው ዓይናችሁን አይቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚቀባው። ይህንን ሰበብ አድርጎ እጁን ሌላ ቦታ የሚሰድ ግን አይጠፋም፣ በተለይ ሕዝቡ ሲጨናነቅና ቢራው ሲበዛ። ያጋጠመኝ አንድ ጊዜ ነው፤ እጁን ይዤ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ አጠገባችን የነበሩ ታይላንዳውያን ሴቶች ገፍተው አስወጡት። አትፈሩ፣ አትሳቀቁ፣ ጩኹ። ከዋናው ጭፈራ ወጣ ብላችሁ ቤተሰብ የበዛበት ጎን ላይ መቆም ደግሞ ይሻላል። ሲመሽ ውሃው በአብዛኛው ይቆማል፤ ያኔ ወደ ቤት።

እናንተም ስትረጩ ወግ አለው። መነኩሴ አይረጭም። ሽማግሌ፣ ሕፃን የያዘች እናት፣ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው አይረጭም። ከቦዩ የተቀዳ ውሃ ቆሻሻ ነው፣ ፊት ላይ አትተኩሱ፣ አፋችሁንም ዝጉ። ሱቆች ላይ ንጹህ ውሃ በትንሽ ገንዘብ ይሞሉላችኋል። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ አውልቁት። እኔ ሦስተኛው ቀን ላይ ጆሮዬ ተደፍኖ በሌሊት ስቃይ አየሁ። ፋርማሲዎች በዓል ቢሆንም ክፍት የሆኑ አሉ፣ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ይሞክራሉ፤ ጠብታ ሰጡኝና ቀለለኝ። አስም ያለባችሁ ደግሞ ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ በዚህ ወቅት ሰሜን ታይላንድ ማሳና ጫካ የሚቃጠልበት የጭስ ጊዜ ነው። ከሄዳችሁ ማስክና መድኃኒታችሁን ያዙ።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ያን ዓመት ሚያዝያ 5 ሆሳዕና ነበር። ማለትም ሕዝቡ ሲራጭ እኛ ሰሙነ ሕማማት ልንገባ ነው። እኔ በጉዞ ላይ አልጾምኩም፤ ጓደኛዬ ግን አንድ ቀን አላፈረሰችም። ታይላንድ ውስጥ ቅጠላ ቅጠል የሚመስለው ምግብ አብዛኛው የዓሣ መረቅ አለበት። አትክልት ብቻ ብላችሁ ብታዙ ዓሣ መረቁን እንደ ጨው ስለሚያዩት አይተዉትም። የሚያስፈልጋችሁ "ጄ" የሚለው ነገር ነው። ከእንስሳ የሚገኝ ነገር በሙሉ የሌለበት ምግብ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለው ምግብ ቤት ካያችሁ ሳትጠይቁ ግቡ። ሌላ ቦታ "ጊን ጄ" በሉ፤ ጄ ነው የምበላው ማለት ነው። ሰቨን ኢለቨን ሱቆች በበዓሉም አይዘጉም፣ የጾም የሆነ ነገር አይጠፋባቸውም።

ደግሞ ኤፕሪል የማንጎ ወቅት ነው። የሚያጣብቅ ሩዝ በኮኮናት ወተት ተደርጎ ከበሰለ ማንጎ ጋር ይቀርባል። ከላይ እስከ ታች ጾም ነው። ጓደኛዬ ቁርስም ምሳም አድርጋው ሰነበተች፣ ጾም እንዲህ ከጣፈጠ ኃጢአት ነው እያልኩ አሾፍባት ነበር።

ከጭፈራው ግን ራሷን አገለለች። በሕማማት ሙዚቃ ላይ አልዘልም አለች። አላስገደድኳትም። እሷ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ቤተ መቅደሶቹ ሄደች፣ ተመልሳ እኔንም ጎትታ ወሰደችኝ፤ ጥሩ አደረገች። ሰዎች አሸዋ በባልዲ ተሸክመው ወደ ግቢው ያስገባሉ። ዓመቱን ሙሉ በጫማችን ይዘን የወጣነውን አሸዋ መመለሳችን ነው ይላሉ። ከዚያ አሸዋውን እንደ ትንሽ ግንብ ቆልለው በቀለማት ወረቀት ባንዲራ ያስጌጡታል። ልጆች እጃቸው እስከ ክንዳቸው አሸዋ ሆኖ ይደቁሱታል። ዋት ፕራ ሲንግ የሚባለው ቤተ መቅደስ ያለው የቡድሃ ምስል ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ወጥቶ በከተማው ይዞራል፤ ሕዝቡ መዓዛ ያለው ውሃ ያፈስበታል። እኛ ያን ሰዓት የኑድል ሴትዮዋ ወንበር ላይ ነበርን። በጊዜ ከደረሳችሁ እንዳያመልጣችሁ።

በሰሜኑ ሦስተኛው ቀን የታላላቆች ቀን ነው። የገስት ሃውሱን ባለቤት "ፓ" እያልን ነበር የምንጠራት፤ አክስቴ እንደማለት። ልጆቿ ከየከተማው መጥተዋል። ጠዋት ግቢው ላይ ወንበር ተደረገና እሷና ባሏ ተቀመጡ። ቤተሰቡ በተራ ተንበርክኮ እየመጣ ከብር ጎድጓዳ ሳህን መዳፋቸው ላይ ውሃ ያፈሳል። ውሃው ላይ የጃስሚን አበባና የደረቀ ቡናማ የዛፍ ፍሬ ይንሳፈፋል፤ ፍሬው ተጠብሶ ስለሚነከር ውሃው ጭስ ጭስና ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው። ፓ አፏን ሳታቋርጥ ትመርቃለች። ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞረችና በእጇ ጠራችን። ጓደኛዬ ነጠላዋን አደግድጋ ነበር የወረደችው፣ ሄዳ ተንበረከከች፤ እጅ ማስታጠብና ምርቃት መቀበል ለማን አዲስ ነው? ፓ እርጥብ እጇን የጓደኛዬ ራስ ላይ አድርጋ ረጅም ነገር አለች። ልጅዋ ሊያስረዳን ሞከረ፦ ጤና፣ ረጅም ዕድሜ፣ ጥሩ ባል። ጓደኛዬ ሦስተኛው ላይ "አሜን" አለች።

ይህንን በገንዘብ አታገኙትም። ትልቅ ሆቴል ውስጥ ብናርፍ፣ ወይም በየቀኑ ከተማ ብንቀያይር አናየውም ነበር። ትንሽ የቤተሰብ ገስት ሃውስ ምረጡ፤ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡና ተላመዱ። ከተጋበዛችሁ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይኑራችሁ፣ የራሰ ቁምጣ ለብሳችሁ አትግቡ።

ሞተር ሳይክል ስለመከራየት የሚጠይቁኝ አሉ። በሌላ ጊዜ አላውቅም፤ በዚህ ሳምንት ድርሽ አትበሉ። መንግሥታቸው ራሱ "ሰባቱ አደገኛ ቀናት" ይለዋል። በአብዛኛው ዓመት በነዚህ ሰባት ቀናት ከ200 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፣ አብዛኛው በሞተር ሳይክል ነው፣ መጠጥና ፍጥነት ዋና ምክንያቶቹ ናቸው። ይህ ላይ ደግሞ የራሰ አስፋልትና ፊታችሁ ላይ በባልዲ የሚደፋ ውሃ ጨምሩበት። አብረውን ካረፉት አንድ ጎረምሳ በሁለተኛው ቀን ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ተመለሰ። የሚሠራ መንጃ ፈቃድ ስላልነበረው ኢንሹራንሱ አልከፈለለትም። ቅርብ ቦታ በእግር፣ ሩቅ ቦታ በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ ከሌለ በቀይ መኪናው፤ እሱም ባዶ እጃችሁን ስትሆኑ።

መመለሱም ቀላል አልሆነም። ሰዉ ወደ ሰሜን በወጣበት ብዛት ወደ ባንኮክ ይመለሳል። ኤፕሪል 16 እና 17 ምንም ነገር አልተገኘም። ፓ ክፍሉን በቅናሽ አቆየችን፣ ከዚያ የቀን ባቡር ወንበር ተገኘ። በመስኮቱ ተራራና ሩዝ ማሳ እያየን ቀኑን ሙሉ ወረድን። በመኝታው ባቡር ብንሄድ ኖሮ ተኝተን የምናልፈው አገር ነው። የመመለሻ በረራችሁን ከኤፕሪል 15 ቢያንስ አራት አምስት ቀን አርቁት።

ለ2018 የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ቀኑ ገጥሞላችኋል። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው የሚውለው፤ ሶንግክራን በማግስቱ ይጀምራል። ጓደኛዬ ይህንን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ካየች ጀምሮ አላስቀመጠችኝም። ሚያዝያ 4 ማታ ዶሮዋን በልታ የሌሊት በረራ መያዝ ነው የፈለገችው። በዓሉን መንገድ ላይ ልትጀምሪው ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁ። አሁን የተስማማነው ሚያዝያ 1 ቺያንግ ማይ ገብተን ፋሲካውን ፓ ቤት ልናከብር ነው፤ በርበሬና ቅቤ በማን ቦርሳ ይገባል የሚለው ላይ ብቻ ነው ያልተግባባነው።